መርዶ በእንግሊዝኛ

በብረት በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የሚሆን የእንግሊዝኛ ሰዋስው ክለሳ» ይላል። ክለሳ ማለት አንድ ጊዜ የተማሩትን መልሶ ማየት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ የምከልሰው ከየት መጥቶ? ቢሆንም ገባሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፤ አዳራሹ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው።

ምንም አልነበረኝም ማለቴ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ካለችው ቤቴ እየወረድኩ አሥራ ሰባት ዓመት የፈረንጅ ቤት ልብስ አጥቤያለሁ። አሠሪዎቼ ሁለት ሦስት ዓመት ይቀመጡና ወደ አገራቸው ሲሄዱ ለሚተካቸው ሰው ከቤቱ ዕቃ ጋር ያስረክቡኝ ነበር። «ቱደይ ሬይን፤ ቱሞሮ ዎሽ» ስላቸው ይገባቸዋል፤ ይስቃሉም፤ በክፋት አልነበረም። ፊደል የቆጠርኩት ደግሞ በደርግ ጊዜ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ልጄን እያጠባሁ ነው። ስለዚህ አማርኛ እጽፋለሁ፤ እንግሊዝኛ እንደ ነገሩ እናገራለሁ። እንግሊዝኛ መጻፍ ግን ከሁለቱም የተለየ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ያቺ አግዳሚ ላይ የማጠባት ልጅ አንድያዬ ናት። አድጋ፣ ወልዳ፣ የልጇ አባት ጥሏት ከሄደ በኋላ ታመመች። የበሽታው ስም የማይጠራበት ጊዜ ነበር፤ ሰው «ሳንባዋን ነው» ይላል፤ እኛም «ሳንባዋን ነው» እንላለን። እንጦጦ ጸበል ገባች። ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ለታማሚ የሚከራዩ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ በአንዷ ውስጥ ከሌሎች አራት ሴቶች ጋር ተኛች። እኔ ሥራ ስጨርስ የልጅ ልጄን ይዤ በባሕር ዛፉ መሀል እወጣለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አዝያት ነበር የምወጣው። በኋላ አምስት ዓመት ሲሆናት ከፊቴ እየሮጠች ትወጣና ከላይ ሆና «አያዬ፣ ደከመሽ?» ትለኛለች። መድኃኒቱ ለእኛ ቢጤ ሲደርስ ልጄ አልነበረችም።

አንድ ቀን ቦርሳ የያዘ ሰው እዚያች የጭቃ ቤት ድረስ መጣ። በውጭ አገር ልጅ የሚፈልጉ ደግ ሰዎች እንዳሉ፣ ልጅቷ ተምራ ትልቅ ሰው ሆና እንደምትመለስ ነገረን። ልጄ ሦስት ቀን አሰበች። እኔ ዝም አልኩ። ድካም ይሁን ተስፋ፣ እስካሁን አላውቅም። የገባን ነገር ጉዲፈቻ ነበር። ጉዲፈቻን እናውቃለን፤ የእናቴ ወንድም ሱሉልታ ለኦሮሞ ቤተሰብ ተሰጥቶ ነው ያደገው። ሁለት እናት፣ ሁለት አባት ነበረው፤ በዓል ሲመጣ ሁለቱም ቤት ይበላል፤ ጊዜያቸው ሲደርስ አራቱንም ቀበረ። የልጅ ልጄም አንድ እናት ትጨምራለች ብለን ነው እንጂ አንዷ ትቀነስባታለች ብለን አይደለም። ፍርድ ቤት ቀርበን ዳኛው «ተስማምተሻል?» ብለው ሲጠይቁ ልጄ ሳልዋን ይዛ «አዎ» አለች።

የልጅ ልጄ በሄደች በስምንተኛው ወር ልጄ አረፈች። እዚያው እንጦጦ ቀበርናት።

ልጅቷን የወሰደው ድርጅት በየስድስት ወሩ ፎቶግራፍና ደብዳቤ ያመጣልናል፤ እኛም እንድንጽፍ ይፈቅዳል። ከቀብሩ በኋላ የመጻፊያው ጊዜ ደረሰና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ የድርጅቱ ጸሐፊ ይተረጉመዋል። «ለጤናሽ እንዴት ነሽ፤ እኛ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ ይኼን ጻፍኩ፤ «እናትሽ ደህና ናት። አገላብጣ ትስምሻለች።»

ውሸት የጻፍኩ አልመሰለኝም። የእኛ አገር ሰው ማዶ ላለ ሰው መርዶ በወረቀት አይልክም። የጎረቤቴ ልጅ ዓረብ አገር ሳለች አባቷ ሞተ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደውላ «አባዬስ?» ስትል፣ አንዴ «ጸበል ወርዷል»፣ አንዴ «ተኝቷል»፣ አንዴ «ጆሮው ስልክ አይሰማም» ትባል ነበር። ስትመለስ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ ቤቷ አልወሰዷትም። አክስቷ ዘንድ አብልተው አሳደሯት። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ ገባና አረዷት። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ነበር። ውሃ የሚረጭባት፣ ነጠላዋን መቀነት አድርጎ የሚያስርላት ሰው ነበር። እኔም ከያዟት አንዷ ነበርኩ። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው። የልጅ ልጄም አድጋ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ደግፈን እንነግራታለን አልኩ። ለድርጅቱም ትንፍሽ አላልኩም፤ ይነግሩብኛል ብዬ። እንዲህ እያልን አሥር ዓመት ሆነ። በየስድስት ወሩ እናቷ ትስማታለች።

በአሥረኛው ዓመት ድርጅቱ ሊዘጋ ነው ተባለ። ስሄድ ወንበሮቹን መኪና ላይ እየጫኑ ነበር። ጸሐፊው ቆሞ አገኘሁት።

«እማማ፣ ከእንግዲህ በእኛ በኩል የሚላክ ነገር የለም» አለኝ። «ይኼ የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። የአሳዳጊዎቿ አድራሻ ጀርባው ላይ አለልዎት።»

«አንብብልኝ የኔ ልጅ።»

ለራሱ አነበበውና ቀና ብሎ አየኝ። «ለእርስዎ አይደለም። ለእናቷ ነው የጻፈችው።»

«ቢሆንም አንብበው።»

እየተረጎመ አነበበልኝ። «አሥራ አምስት ዓመት ሆነኝ። ሁልጊዜ ደህና ነሽ ይሉኛል። ደህና ከሆንሽ ለምን ሰጠሽኝ? አንድ ቀን እንኳ ለምን በራስሽ እጅ አልጻፍሽልኝም? የምትስሚኝ ከሆነ ለምን አትፈልጊኝም?»

ጸሐፊው ወረቀቱን አጥፎ ሰጠኝ። «ጉርምስና ነው እማማ፤ ያልፍላታል» አለ። ከዚያ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ታክሲ መኖሩም ትዝ አላለኝ። በአሥር ዓመት ውስጥ ያደረግሁትን ያን ቀን ነው ያየሁት። ለልጅ ልጄ በሕይወት ያለች፣ ጤነኛ የሆነች፣ የማትፈልጋት እናት ሠርቼ ሰጥቻታለሁ። ልጄ ደግሞ ትንፋሿ እስኪቋረጥ ድረስ የዚያችን ልጅ ቀሚስ ትራሷ ሥር ይዛ ነው የሞተችው።

መንገር አለብኝ አልኩ። በገዛ እጄ፤ ልጅቷ በሚገባት ቋንቋ። አማርኛው ከልጅቷ ከጠፋ ቆይቷል፤ ይኼንን ከዓመታት በፊት ነግረውኛል። ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ሄጄ፣ ልጄን አይቷት የማያውቅ ሰው «ሞታለች» የሚለውን በኮምፒውተር እንዲመታው አልፈለግሁም። ከዚያ ነው በሲግናል ሰፈር በኩል ሳልፍ ያንን በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት ያየሁት።

አዳራሹ የጴንጤዎች ነው። ጎረቤቴ፣ ያቺ ልጇን ያረዳንላት፣ ስትሰማ ወገቧን ይዛ ሳቀች።

«በስተርጅና ጴንጤ ልትሆኚልኝ ነው?»

«ሰዋስው ነው የምማረው አንቺ።»

«አዎ፣ መጀመሪያ ሰዋስው ነው የሚሰጡት። ሃሌ ሉያው ኋላ ይመጣል።»

«ማተቤን እንደሆነ አልደብቀውም።»

«ማተቡስ ይሁን፤ ዓይንሽ ግን አያይልሽም። ከሰሌዳው ምን ልታነቢ ነው?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ምክንያቴን ግን ያን ቀን አልነገርኳትም።

በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። ያን ጊዜ ባቡሩ እየተሠራ መገናኛ ተቆፋፍሮ ነበር። ከታክሲ ወርጄ፣ በጉድጓዱ ላይ በተጋደመው ጣውላ ሰው እጄን ይዞ እያሻገረኝ፣ አዳራሹ ስደርስ ሻሼ አቧራ ለብሶ ነው። ከተማሪው የሚበዛው ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ኢሜይል ስንጽፍ አለቃችን ይስቅብናል የሚል። ከቻይና መጋረጃ የምታስመጣ ነጋዴም ነበረች፤ ያላዘዘችው ቀለም እየመጣ አስቸግሯታል። አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ያን ጊዜ የፈረንጆች ግቢ ዘበኛ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ አለበት። «እትዬ» ይለኛል፤ እርሳሱን በምላጭ እየቀረጸ ለእኔም ይቀርጽልኛል።

አስተማሪዋ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ልጄ የሞተችበት ዕድሜ። አጭር ናት፤ እጇ እስከ ሰሌዳው ላይኛ ጫፍ አይደርስም። መጀመሪያ ቀን ሦስት ነገር ጻፈች፤ ማን፣ ምን አደረገ፣ መቼ። «አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ከዚህ በላይ አትጫኑበት» አለች። ቀላል ይመስላል። እኔ ግን በዚህ ነገር ብዙ ተቸገርኩ። በአማርኛ ሰው ሲናገር ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ የሰሚውን ፊት እያየህ፣ እየዞርክ፣ ልቡን እያዘጋጀህ ትሄዳለህ፤ ፊቱ ከከፋም መጨረሻውን ትለውጠዋለህ። እንግሊዝኛው ላይ ግን ሰውየውን እንደጠራኸው የሆነውን ወዲያው ትናገራለህ።

«መሸሸጊያ የለውም» አልኳት አስተማሪዋን።

«ለዚህ እኮ ነው ግልጽ የሚሆነው እማማ።»

ደግሞም በእንግሊዝኛ «እርስዎ» የሚባል ነገር የለም። የልጅ ልጄንና አሳዳጊ እናቷን በአንድ ቃል እንድጠራ ሆንኩ። ይኼንን አልወደድኩትም፤ አሁንም አልወደውም።

ትምህርት በሌለ ቀን ደብተሬን በፌስታል ይዤ እንጦጦ እወጣለሁ። ልጄ መቃብር አጠገብ ተቀምጬ ግሥ አጠናለሁ፤ ጮክ ካላልኩ አይያዝልኝም። ቅጠል ተሸክመው ከሚወርዱት ሴቶች አንዷ ጎንበስ እንዳለች ቆማ ሰማችኝና «ዳዊት ነው የሚደግሙት እናቴ?» አለችኝ። «ግሥ ነው» አልኳት። ምን እንዳልኩ ሳይገባት «ያድርስልን» ብላ ሄደች። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እላለሁ። «ሲ፣ ሶው፣ ሲን።» በዝርዝሩ ውስጥ «ዳይ፣ ዳይድ» የሚል አለ። እሱ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ። ልጄ እግር ሥር ተቀምጬ እሱን ጮክ ብዬ ማለት አልቻልኩም።

በሁለተኛው ወር ደብዳቤውን ጻፍኩና ለአስተማሪዋ ሰጠኋት። አንድ ገጽ ሙሉ ነው። እንዴት ነሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው፣ ያሉት ሰዎች እንዴት ናቸው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ጎረቤቶች ደህና ናቸው፣ ዝናቡ ደህና ነው። አስተማሪዋ በቀይ ብዕር ትንሽ ትንሽ ነገር አስተካከለች። ከዚያ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እማማ፣ በጣም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይኼ ደብዳቤ ለምን ተጻፈ?»

ዘበኛው ጣልቃ ገባ።

«እትዬ፣ ፈረንጅ ሰላምታ አያነብም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን 'እንደምን አደሩ፣ ሌሊቱ በሰላም አለፈ፣ ብርዱ ጠንካራ ነበር' እያልኩ ጽፌ ጽፌ የአጥሩን ነገር መጨረሻ ላይ አደረግሁት። ሰውየው የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ፈረመና ሄደ። አጥሩ ተደርምሶ ሁለት ቀን ዋለ። አሁን የመጀመሪያው መስመር 'አጥር ወደቀ' ነው። በቃ! ብርዱን ከፈለገ ይጠይቀኝ።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ ሳለሁ ዓይኔ ሞላ። ዘበኛው ደንግጦ «አጥፍቼ ይሆን?» አለ። ሌሎቹ ሲወጡ ቀረሁና ለአስተማሪዋ ነገርኳት። «እናቷ ሞታለች» አልኳት። አሥር ዓመት «አረፈች» ስል ኖሬ፣ «ሞታለች» ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር። ስለ ደብዳቤዎቹም፣ ስለ መሳሙም ነገርኳት። ከአጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እንግዲያው የደብዳቤው ነገር እሱ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ከላይ መሆን አለበት እማማ። ካልሆነ አሥራ አምስት ዓመት የሆናት ልጅ ስለ ዝናቡ ታነብና ትተወዋለች።»

ለጎረቤቴ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው። ሁሉንም ያየች ሰው ስለሆነች ትረዳኛለች ብዬ ነበር። ፊቷ ጠቆረ።

«መርዶ? በወረቀት? አንቺ ሰው ነሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«ተዪዋ። ትምጣና ያኔ ይነገራታል።»

«አትመጣም። እናቷ እንደማትፈልጋት እያሰበች ለምን ትመጣለች?»

«እሺ ስትሰማ ማን ይይዛታል? ማን አለላት? የእኔዋን ስናረዳ ስንት ሰው ነበርን፤ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ያቺ ምስኪን ማን ውሃ ያቀምሳታል?» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ጥያቄዋ ከእኔ ጋር ከረመ።

ደብዳቤው ስድስት ጊዜ ተጽፎ ስድስት ጊዜ ተሰረዘ። እኔ ሰላምታ እጨምራለሁ፤ አስተማሪዋ ትቀንሳለች። በመጨረሻ የቀረው ይኼ ነው፤ እንግሊዝኛውን አሁንም በቃሌ እወጣዋለሁ። በአማርኛ እንዲህ ይሆናል። «ውድ ልጄ። እኔ አያትሽ ነኝ። እናትሽ ሞታለች። የሞተችው አንቺ በሄድሽ በስምንተኛው ወር ነው። የሰጠችሽ በጣም ስለታመመች ነው። በጣም ትወድሽ ነበር። ደህና ናት ብዬ የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ያኔ እውነቱን ማወቅ ይጎዳሻል ብዬ ነው። አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።» አስተማሪዋ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው። «ስሕተት የለበትም» አለችኝ። እንደ ሌላው ጊዜ ፈገግ አላለችም።

ሁለተኛ ወረቀት ደግሞ ለአሳዳጊ እናቷ ጻፍኩ፤ የጎረቤቴ ነገር ስላላስተኛኝ። «እባክዎ ይኼን በጠዋት ይንገሯት። መጀመሪያ ቁርስ ትብላ። የምትወዳቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ይጥሩ። ከአጠገቧ ይቀመጡ። ስታለቅስ ተይ አይበሏት። ፊቷን ያጥቧት። ያን ሳምንት ብቻዋን እንዳትሆን።» አስተማሪዋ እዚህ ላይ ምንም አልሰረዘችም። የመልሱ አድራሻ በእነሱ ቤተ ክርስቲያን ፖስታ ሣጥን እንዲሆን ፈቀደችልኝ፤ እኔ የራሴ ሣጥን የለኝም።

ሁለቱን ወረቀት በአንድ ፖስታ ውስጥ አድርጌ አሸግኩት። ፖስታውን ለማንም አላሳየሁም። የልጅ ልጄን ስም ለመጻፍ የማንም እርዳታ አያስፈልገኝም ነበር፤ ከእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ አስቀድሜ የተማርኩት እሱን ነው። ትልቅ አድርጌ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያቆምኩ፣ በመሀሉ ላይ ስሟን ጻፍኩ። በእኛ ቤት ለልጅ የመጣ ደብዳቤ ልጁ እጅ የሚገባው ትልቅ ሰው ከፍቶ ካየው በኋላ ነው። ከዚህ ሌላ ሥርዓት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለምን ብዬ አስባለሁ?

መልሱ ሁለት ወር ከምናምን ቆየ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ደረጃውን ወጥቼ ትንፋሼን ስሰበስብ አስተማሪዋ ፖስታውን ይዛ መጣች።

«ላንብብልዎት እማማ?»

«አይ፣ እኔው ልሞክር።»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። የአሳዳጊ እናቷ የእጅ ጽሑፍ ለየብቻ የቆመ፣ የሚነበብ ነው፤ ለእኔ ብላ ቃላቱን አቅልላ እንደጻፈች ያስታውቃል። ጣቴን ከሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። ደብዳቤው ደርሷል። በልጅቷ ስም ስለመጣ ከደጅ ካለው ሣጥን ራሷ አወጣችው። በእነሱ አገር በስምህ የመጣን ደብዳቤ ሌላ ሰው አይከፍተውም። ጠዋት ነበር። በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ከፍታ ብቻዋን አነበበችው። አሳዳጊ እናቷ ለእሷ ለራሷ የጻፍኩትን ወረቀት ያየችው ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። እነሱም መሞቷን አያውቁም ነበር። ልጅቷ አሁን ብዙ አትናገርም። ከእኔ ደብዳቤ እንዲመጣላት አትፈልግም። «እባክዎ እሷ ራሷ እስክትጽፍልዎ ድረስ አይጻፉ። እርስዎም እንዳዘኑ አውቃለሁ።»

ጠዋት ይሁን ብዬ ነበር፤ ጠዋት ሆነ። ቁርስ በልታ እንደነበር ግን አልተጻፈም።

ከሥር፣ በሌላ እጅ፣ በእርሳስ አንድ መስመር ነበረች። ጎበጥ ጎበጥ ያለች የልጅ ጽሑፍ ናት። «እነዚያን ዓመታት ሁሉ የሳመኝ ማን ነበር?»

ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። የማላውቀው ቃል ፈለግሁ። አንድ ቃል ብቻ ባገኝ፣ እሱ ነው ነገሩን ያጣመመብኝ እል ነበር። የለም። ሁሉንም አውቀዋለሁ። ወረቀቱን ለአስተማሪዋ ሰጠኋትና የገባኝን በአማርኛ ነገርኳት። «ተሳስቼ እንደሆነ እዪልኝ የኔ ልጅ» አልኳት። እንዲህ ብዬ ማንንም ለምኜ አላውቅም።

አነበበች። «ልክ ነው እማማ» አለች። «አንድም ቃል አልሳቱም።»

ተማሪው መግባት ጀመረ። ዘበኛው ፊቴን አይቶ «እትዬ?» አለና ከአጠገቤ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። እኔ የአስተማሪዋን እጅ ይዤ ነበር።

«ለዚችኛዋ ልመልስላት» አልኳት በእርሳስ የተጻፈችውን እያሳየሁ። «ራሷ እስክትጽፍ ነው ያሉት፤ ይኸው ራሷ ጽፋለች። መልሱን አውቀዋለሁ። እኔ ነበርኩ። በእንግሊዝኛም እችለዋለሁ፤ ሦስት ቃል ነው።»

«እማማ...»

«ሦስት ቃል ብቻ።»

«እማማ፣ ይኼ መልስ ፈልጋ የጠየቀችው አይመስለኝም።»

ይኼን ስጽፍ አራት ዓመት አልፎታል። ባቡሩ አልቆ ሥራ ጀምሯል። የልጅ ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። አልጻፈችም። እኔም አልጻፍኩም።